ፊቱ የወረደ ፒካፕ፦ ማጥበቅ፣ ታኮ፣ አዲስ ሞላ ወይስ ባሌስትራ?

ጅማ ውስጥ ፊቱ የወረደ መኪና ብርቅ አይደለም። የአጋሮ መውጫ ላይ ቆማችሁ የሚያልፉትን ፒካፖች ብታዩ አንዱ በሹፌሩ በኩል ያዘነብላል። ሌላው አፍንጫውን ደፍቶ ይሄዳል። አንዳንዱ ደግሞ ፊቱን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ያልፋል። ይሄ የመጨረሻው አብዛኛውን ጊዜ ጋራዥ ገብቶ "የተስተካከለ" ነው።

እዚህ የማወራው የወረደን ፊት ወደ ቦታው ስለመመለስ ነው። ለማማር ብለው ለሚያስነሱ ሰዎች ሌላ ቀን እንጽፋለን። መንገዱ ብዙ ነው። ፊቱን የሚሸከመውን ዘንግ፣ የቶርሽን ባሩን ብሎን ማጥበቅ አለ፣ ታኮ (ማንሻ ቀለበት) መክተት አለ፣ ሞላ መቀየር አለ፣ ባሌስትራ (ተደራርበው የታሰሩ የብረት ቅጠሎች) ማስመታት ወይም መጨመር አለ። ጎሚኒ (የመገጣጠሚያ ላስቲክ) ብቻ ቀይሮ መገላገልም አለ። የቱ ይሻላል ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው በሁለት ጥያቄ እመልስለታለሁ። ፊቱ ለምን ወረደ? መኪናው በአብዛኛው ምን ያህል ጭኖ ነው የሚሄደው? እነዚህን ሳይመልስ ቁልፍ የሚያነሳ ሰው ገንዘቡን ሁለቴ ያወጣል።

ፊቱ በምን ላይ ነው የቆመው?

ጎንበስ ብሎ በባትሪ ማየት ይበቃል። ከፊት ጎማው ብራቾ (ጎማውን ከሻንሲው ጋር ከሚያገናኘው ክንድ) ተነስቶ በሻንሲው ጎን ወደ ኋላ፣ እስከ ጋቢናው ወለል ሥር የሚሄድ ድፍን የብረት ዘንግ ካያችሁ ቶርሽን ባር ነው። ሞላ የሚሠራውን ሥራ ዘንጉ በመጠምዘዝ ይሠራዋል፤ እርጥብ ጨርቅ ስትጨምቁ እንደምታደርጉት ማለት ነው። የኋላ ጫፉ ላይ አጭር ክንድ አለ። ክንዱን የሚይዝ ረጅም ብሎን አለ። ቁመቱ የሚስተካከለው በዚያ ብሎን ነው። ከቪጎ በፊት የነበሩ ብዙ ባለ ፎር ዊል ሂሉክሶች፣ የመጀመሪያው ትውልድ ዲማክስ፣ የቆየው ኤል 200 ፊታቸው እንዲህ ነው። የቆየው የሃይስ ሚኒባስም ፊት ቶርሽን ባር ነው። ስለዚህ ታክሲ ያላችሁም ከዚህ አትውጡ።

ሾክ አብዞርበሩን አቅፎ የቆመ ጥቅልል ካያችሁ ሞላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረው ቪጎ፣ ከእሱ በኋላ የመጣው ሬቮ፣ አዲሱ ዲማክስ በዚህ ይመደባሉ። ላንድክሩዘር ፒካፕ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ፊቱ ሞላ ሆኗል፤ ነገር ግን ከሥሩ ድፍን አክስል ነው ያለው። ይህ ልዩነት በኋላ ታኮ ስንነካ ያስፈልገናል።

ሦስተኛው ባሌስትራ ነው። ኤን ፒ አር አይሱዙ ያለው ሰው መጎንበስም አያስፈልገውም። የድሮ ድፍን አክስል ሂሉክሶችና የድሮዎቹ ላንድክሩዘሮችም ፊታቸው ባሌስትራ ነው።

ከሦስቱ ውስጥ ፋብሪካው ራሱ ማስተካከያ ብሎን የሰጠው ለቶርሽን ባር ብቻ ነው። ሌሎቹ የሚጠብቅ ነገር የላቸውም። "ትንሽ አጥብቀህ ከፍ አድርግልኝ" ብሎ ቪጎ ይዞ ጋራዥ የሚሄድ ሰው ስላለ ነው ይህን የምናገረው።

አለካክ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንሂድ።

መጀመሪያ ደልዳላ ቦታ ፈልጉ። የጅማ የኮብልስቶን መንገድ ውሃ እንዲወርድ ሆን ተብሎ ወደ ዳር ያዘነበለ ነው። እዚያ ላይ የለካችሁት ግራና ቀኝ በፍጹም እኩል አይመጣም። የሲሚንቶ ወለል ያለው ግቢ ወይም መጋዘን ጥሩ ነው። ወለሉን ለማመን ደግሞ ግንበኞች የሚጠቀሙበትን የቱቦ ውሃ ልክ ተዋሱ። ግልጽ ቱቦ ውስጥ ውሃ ሞልታችሁ አንዱን ጫፍ በግራ ጎማ፣ ሌላውን በቀኝ ጎማ አጠገብ አቁሙ። በሁለቱም በኩል ከወለሉ እስከ ውሃው ፊት ለኩ። እኩል ከሆነ ወለሉ ደልዳላ ነው። ካልሆነ ልዩነቱን ጻፉና ሂሳብ ውስጥ አስገቡት፤ ወይም መኪናውን አዙራችሁ ድጋሚ ለኩ። ልዩነቱ ከመኪናው ጋር ከዞረ ችግሩ የመኪናው ነው። ቦታው ላይ ከቀረ የወለሉ ነው።

ቀጥሎ መኪናውን አዘጋጁ። የአራቱም ጎማ ንፋስ በፋብሪካው ልክ ይሁን። የግራና የቀኝ ጎማ ቁጥራቸው አንድ መሆኑን አንብቡ፤ አንዱ ጎማ ከሌላው የተለየ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ካርጎው ላይ የተረሳ ጆንያ፣ ሰንሰለት፣ ትርፍ ጎማ ካለ አውርዱ። መሪውን ቀጥ አድርጉ። ፊቱን በሁለት እጅ ጥቂት ጊዜ ተጭናችሁ ልቀቁ። ከዚያ መኪናውን ጥቂት ሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉትና ፍሬን ሳትይዙ በራሱ ይቁም። በተለይ ክሪክ ላይ ከነበረ ይህ ግዴታ ነው። መኪና ከክሪክ ሲወርድ ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ተሰብስበው ይቀራሉ። መሬቱ ይዟቸው ስለሚቆይ ፊቱ ከእውነተኛ ቁመቱ ከፍ ብሎ ይታያል። በዚያ ሰዓት የለካ ሰው "ተስተካከለ" ብሎ ይደሰታል። ማግስቱን ተመልሶ ወርዶ ያገኘዋል።

ለመለካት ሦስት መንገድ አለ።

ከመሬት እስከ ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው ላሜራ) ጠርዝ መለካት ፈጣን ነው። ጉዳቱ ጎማው ቢያልቅ፣ ንፋሱ ቢቀንስ ቁጥሩ መቀየሩ ነው። ለመነሻ ካልሆነ አልወደውም።

ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎ ጠርዝ መለካት ይሻላል። ጎማው አዲስ ይሁን ያለቀ፣ ይህን ቁጥር አይነካውም። ሜትሩ እንዳይጣመም ከፓራፋንጎው ጠርዝ ላይ ቱምቢ አንጠልጥሉና በጎማው መሃል እንዲያልፍ አድርጉ። ክሩን ተከትላችሁ ለኩ። አራቱንም ጎማ በወረቀት ላይ ጻፉ። የኋላውንም ማለቴ ነው።

ሦስተኛው ከሥር የሚለካው ነው። የታችኛው ብራቾ ሻንሲው ላይ የታሰረበት ብሎን መሃሉ ከመሬት ስንት ነው? የጎማው መሃልስ? የሁለቱ ልዩነት የብራቾውን አቀማመጥ ይነግራችኋል። ፋብሪካዎች በጥገና መጽሐፋቸው ላይ የሚያስቀምጡት ቁጥር ብዙውን ጊዜ በዚህ ዓይነት ሥር ለሥር በሚለካ ነጥብ ነው፤ ነጥቦቹም ቁጥሩም ለየመኪናው ይለያያሉ። አስቸጋሪ ነው፣ ልብስ ያቆሽሻል፤ ግን አይዋሽም። እኛ አገር ያለ ፒካፕ አንድ ቀን ተጋጭቶ ላሜራው ተመትቶ የተሠራ ቢሆን አይገርምም። ፓራፋንጎው ራሱ በአንድ በኩል ከፍ ብሎ ተበይዶ ከሆነ ሁለተኛው መንገድ ያሳስታችኋል። እኔ በሁለተኛው እጀምራለሁ። ግራና ቀኝ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ከተለያዩ በሦስተኛው አረጋግጣለሁ። ከዚያ በታች ላለ ልዩነት እንቅልፍ አላጣም።

አንድ ነገር ልጨምር። ፊቱ በቀኝ በኩል ወርዶ ስታዩ ጥፋቱ ከኋላ ሊሆን ይችላል። የኋላ ቀኝ ባሌስትራ ሲደክም መኪናው በዚያ ጥግ ይቀመጥና የፊት ግራውን ወደ ላይ ይገፋዋል። እናንተ ደግሞ የፊት ቀኙ የወረደ ይመስላችኋል። ለመለየት የፊት ጎማዎቹን እንዳይንከባለሉ በማገጃ ያዙ። ክሪኩን ከኋላ በሻንሲው መሃለኛ ተሻጋሪ ብረት ሥር፣ ልክ መሃሉ ላይ አድርጉና የኋላ ባሌስትራው ሸክሙ እስኪቀልለት አንሱ። ሥሩ ግን እንዳትገቡ። አሁን ኋላው በአንድ ነጥብ ላይ ስለቆመ ፊቱን ወዲያና ወዲህ አይጎትተውም። በዚህ ሁኔታ የፊት ግራና ቀኝ እኩል ከሆኑ ፊቱን አትንኩት። የኋላ ባሌስትራችሁን አሠሩ።

ለምን ወረደ?

ሾክ አብዞርበር የመኪና ቁመት አይሸከምም። ይህን ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም። ሥራው ንዝረቱን መያዝ ነው። ፊቱ ስለወረደ ብቻ ሁለት አዲስ ሾክ ገዝቶ ያስገባ ሰው መኪናው መወዛወዙን ትቶለት ይሆናል፤ ቁመቱ ግን እዚያው ነው።

ቁመት የሚቀንሰው የሚሸከመው ነገር ሲደክም ወይም ሲሰበር ነው። የሞላ ታችኛ ጫፍ ጭቃ ውስጥ ዝጎ የሚሰበርበት ጊዜ አለ፤ ስባሪው እዚያው ተቀምጦ ስለሚቀር ከላይ አይታይም። የባሌስትራ አንዱ ቅጠል ተሰብሮ በሌሎቹ መሃል ተደብቆ ይቆያል። በሽቦ ቡሩሽ ጭቃውን አራግፋችሁ ጎን ለጎን እዩት፤ የተሰበረበት ቦታ ላይ ቀይ ዝገት የመሰለ መስመር ይታያል። የብራቾ ጎሚኒ ሲያልቅም ብራቾው ከቦታው ይንሸራተትና ቁመቱ ይዛባል። ፊቱ ላይ የተጨመረ ከባድ የብረት መከላከያም አለ። እሱን ስታስገጥሙ ከፍታችሁን በኪሎ ከፍላችሁበታል።

ጎሚኒና ቦል ጆይንት (ብራቾውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ክብ መጋጠሚያ) ያለቀበትን ፊት ማጥበቅ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ፊቱን ክሪክ ላይ አንሱ፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁ። የሚያንኳኳ ከሆነ ቁመቱን እርሱትና መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

ቶርሽን ባር ማጥበቅ

ከምርጫዎቹ ሁሉ ርካሹ ነው። ዕቃ አይገዛም፤ ቁልፍና ጉልበት ነው የሚፈልገው። ቤት ውስጥ መሞከር የሚቻለውም በዋናነት ይሄ ነው። ግን ብሎኑን ማጥበቅ ዘንጉን አዲስ አያደርገውም፣ አያጠነክረውም። ዘንጉ ያው ዘንግ ነው። የሚቀየረው ብራቾው የሚቆምበት ቦታ ብቻ ነው። ታዲያ ካጠበቁት በኋላ ለምን ይነጥራል? ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ስለተወሰደበት ነው። ጉድጓድ ሲገባ ብራቾው ቶሎ ይጨርስና ማቆሚያ ላስቲኩን ይመታል። አብዝቶ ያጠበቀ ሰው ከዴዶ ሲመለስ ወገቡ የሚነግረው ይህንን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የብሎኑ ጥርስ በጭቃ ስለሚሞላ ከሥራው በፊት ባለው ምሽት በሽቦ ቡሩሽ ጥረጉትና ናፍጣ ወይም ዝገት ማላቀቂያ ቀቡት። በማግስቱ ለመጀመር ከብሎኑ ራስ እስከ ዳዶው ድረስ ያለውን ርቀት በሁለቱም በኩል ለኩና ጻፉ። በነጭ ቀለም አንድ መስመር አኑሩበት። ነገሩ ቢበላሽ የምትመለሱበት ምልክት ይሄ ነው። የኋላ ጎማዎቹን እንዳይንከባለሉ በማገጃ ያዙ። ፊቱን በክሪክ አንሱ፣ ሁለቱም ጎማ ከመሬት ይልቀቅ፣ ሻንሲውን በሁለት ጠንካራ ስታንድ ላይ አሳርፉ። ክሪክ ብቻውን አይታመንም። ድንጋይና ብሎኬት ደግሞ በጭራሽ አይሆንም፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈርሰው።

ጎማው ሲንጠለጠል የዘንጉ ጥምዘዛ ይቀልላል፤ ብሎኑም ጥርሱን ሳይበላ ይዞራል። ዳዶ ማሰሪያ ካለው አላሉት፣ ጥርሱን ግሪስ ቀቡ። ከዚያ የወረደውን ጎን ሁለት ዙር አጥብቁ። አውርዱት፣ ግፉት፣ ለኩት። አንድ ዙር ስንት እንደሚያነሳ እንደ መኪናው ይለያያል፤ ከመጀመሪያው ልኬት በኋላ ግን የእናንተን መኪና ታውቁታላችሁ። አንዱን ጎን ስታነሱ ሌላው ጎን ትንሽ ይቀየራል። ስለዚህ ደጋግሞ መለካት የሥራው ግማሽ ነው።

ወሰኑ የት ነው? እኔ ከፋብሪካው ልክ በላይ ከ2 ሳንቲ ሜትር ተኩል አላልፍም። ከዚያ በላይ የፎር ዊሉ ሴሚያሲ (የፊት ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) መጋጠሚያ አንግሉ ይሰፋል፤ መሸፈኛ ላስቲኩ ይቀደዳል፤ ቦል ጆይንቱ ይጨነቃል። ብሎኑ ጥርሱን ጨርሶ መኪናው ገና ካልተነሳ ደግሞ ዘንጉ ደክሟል፣ ወይም አጭሩ ክንድ ዘንጉ ላይ በስህተት ጥርስ ተሰክቷል። ሁለቱም የቤት ሥራ አይደሉም። በተለይ ያንን ብሎን ጨርሶ መፍታት እንዳትሞክሩ። ውስጡ የታመቀ ጉልበት አለ፤ ሲለቀቅ ሰው ይጎዳል።

ያገለገለ ዘንግ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ የምታስመጡ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። የግራና የቀኝ ቶርሽን ባር በብዙ መኪኖች ላይ አንድ አይደለም። ፋብሪካው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲጠመዘዝ አድርጎ ነው የሚሠራው። ጫፉ ላይ የግራ ወይም የቀኝ ምልክት አለው። አገላብጦ የገጠመ ሰው ዘንጉን ይሰብራል።

ታኮ ወይስ አዲስ ሞላ?

ባለ ሞላ ፊት ላላቸው ሁለት ምርጫ ነው ያለው። ታኮ ርካሽና ፈጣን ነው። ከሾክ አብዞርበሩ ራስ በላይ የሚቀመጥ የብረት ወይም የጠንካራ ፕላስቲክ ቀለበት ነው። ግን ቪጎ ላይ ሾኩ የቆመው በብራቾው መሃል አካባቢ ስለሆነ ታኮው ከውፍረቱ በላይ ያነሳል። የ2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ታኮ መኪናውን ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ሊያስጠጋው ይችላል። "ትንሽ ታኮ" ብሎ ያስገባ ሰው ፊቱ ድንገት ሰማይ ሲወጣ የሚደነግጠው ለዚህ ነው። ላንድክሩዘር ፒካፕ ላይ ግን ሞላው አክስሉ ላይ ስለቆመ የታኮው ውፍረት ማለት ይቻላል በቀጥታ ነው የሚያነሳው።

ለደከመ ሞላ ታኮ መፍትሔ ነው? ለኔ አይደለም። ሞላው መድከሙን ይቀጥላል፤ እናንተ ከላዩ ትርፍ ቦታ ሰጣችሁት እንጂ። ታኮ የሚያዋጣው ሞላው ጤነኛ ሆኖ መከላከያ ብረት ወይም ሁለተኛ ባትሪ ስለተጨመረበት ትንሽ ለወረደ መኪና ነው። በአንድ ጎን ብቻ ቀጭን ታኮ አድርጎ ማመጣጠንም ይቻላል፤ እሱ ግን የተሰበረ ነገር አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

ለደከመ ሞላ አዲስ ሞላ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ። አንዱን ብቻ የቀየረ ሰው ያዘነበለውን ወደ ሌላ ጎን አዞረው ማለት ነው። ስትገዙ የመኪናውን ትክክለኛ ሞዴል፣ ናፍጣ ወይም ቤንዚን መሆኑን፣ መከላከያ ብረት ካለ እሱንም ተናገሩ። የናፍጣ ሞተር ከበድ ስለሚል ሞላው ሊለያይ ይችላል። ከሌላ መኪና ላይ የተነቀለ ሞላ ግን የደከመበትን ታሪክ ይዞ ነው የሚመጣው። እኔ ገንዘብ ካለ በዚህ አልቆጥብም።

ሞላ መቀየርን ግን ቤት ውስጥ አትሞክሩት። ሞላውን ከሾኩ ላይ ለማላቀቅ በመጭመቂያ ማሳጠር ያስፈልጋል። ተጨምቆ ያለ ሞላ ሲያመልጥ ቆርቆሮ ይበሳል። በሽቦና በገመድ አስሮ የሚሠራ ሰው ካጋጠማችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። ጨዋነት አያስፈልግም።

ባሌስትራ፦ ማስመታት ወይስ ቅጠል መጨመር?

የአይሱዙ ባለቤቶች ይህን ከኔ በላይ ያውቁታል፤ ስለዚህ አላረዝምም። የጠፋበትን ቅስት በመዶሻ ማስመለስ ርካሽ ነው፣ መልኩም ያምራል። ብረቱ ግን ያው የደከመው ብረት ነው። ቀናት ወይም ወራት ቆይቶ ይመለሳል። በእሳት አቅልቶ የሚመታ ከሆነ ደግሞ ፋብሪካው የሰጠውን ጥንካሬ ይገድለዋል። ቅጠል መጨመር ቁመት ይሰጣል፣ መሸከምም ይጨምራል። ዋጋው መንጠር ነው፤ ባዶ ሲሄድ መሪው እጅ ይመታል። አንድ ቅጠል ብቻ ተሰብሮ ከሆነ ያንን ቅጠል መቀየር ከሁሉም ይሻላል። ሁሉም ጠፍጣፋ ከሆነ ግን ሙሉውን መቀየር ነው። ሲገጠም አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስሩት የታጠፉ ብሎኖች አዲስ ይሁኑ። ጥቂት መንገድ ከሄዳችሁ በኋላ ተመልሳችሁ አስጠብቋቸው፤ ባሌስትራው ሲቀመጥ ይላላሉ። ላልቶ የቆየ ማሰሪያ የመሃሉን ብሎን ይቆርጠዋል። ያኔ አክስሉ ከቦታው ይሸሻል።

ባዶውን ለካችሁ፣ ጭናችሁ ነው የምትነዱት

አንድ ወጣት የቡና አመላላሽ ፒካፑን ይዞ እዚሁ ጅማ ወደ አንድ የሂርማታ ሰፈር መካኒክ መጣ።

"ጋሼ፣ ፊቱ ደፍቷል። ከኋላው እኩል አድርጉልኝ።"

"ስንት ኩንታል ትጭናለህ?"

"ስምንትም፣ ዘጠኝም። እንደ ቀኑ ነው።"

"እንግዲያው ጭነህ ና።"

ልጁ የተሳለቁበት መስሎት ፊቱን ቀየረ። ሰውየው ግን ትክክል ናቸው። ፒካፕ ሲሠራ ኋላው ሆን ተብሎ ከፍ ተደርጎ ነው፤ ሲጫን እንዲስተካከል። ባዶውን እያየ ፊቱን ከኋላው እኩል ያደረገ ሰው ዘጠኝ ኩንታል ሲጭን አፍንጫው ወደ ላይ ይሄዳል። የፊት ጎማው መሬት አይነክስለትም፤ መሪው ይቀልላል፤ በተለይ በክረምት እርጥብ አስፋልት ላይ። ማታ ከአጋሮ ሲመለስ መብራቱ የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ውስጥ ይገባል። ዘጠኝ ኩንታል 900 ኪሎ መሆኑንም አንርሳ። የመኪናችሁ የመጫን ልክ ከዚያ በታች ከሆነ ፊቱን እያነሳችሁ ኋላውን አትወቅሱ።

ስለዚህ ሁለት ልኬት ውሰዱ። አንዱ ባዶ፣ አንዱ የዘወትር ጭነታችሁን ጭኖ። ጭኖ ደልዳላ ከሆነና ባዶውን ትንሽ ፊቱን ከደፋ፣ መኪናው ጤነኛ ነው። አትንኩት። ባዶውም ጭኖም ፊቱ ላስቲኩን እየመታ ከሆነ፣ ያ ነው የወረደው። ጭኖ ኋላው መሬት ከወረደ ደግሞ ችግሩ የኋላ ባሌስትራ ነው፤ ፊቱን ማውረድ መፍትሔ አይሆንም።

እኔ ብሆን

ቶርሽን ባር ያለው፣ ጎሚኒው ደህና የሆነ፣ አንድ ጎኑ 2 ሳንቲ ሜትር የወረደ መኪና ቢኖረኝ ራሴ ቤቴ አጠብቀዋለሁ። ሁለቱም ጎን በእኩል ወርዶ ብሎኑ ወደ ጫፉ የደረሰ ከሆነ ዘንግ እፈልጋለሁ። ቪጎ ቢሆን መጀመሪያ የሞላው ጫፍ መሰበሩን አያለሁ፣ ካልተሰበረና መከላከያ ብረት ካለ ቀጭን ታኮ፣ ካልሆነ ሁለት አዲስ ሞላ። አይሱዙ ቢሆን ቅጠሎቹን ሳልቆጥር አንድ ብር አላወጣም። ፊቱን ለማማር ብቻ ማስነሳት ለሚፈልግ ግን ከኔ ምክር አይፈልግ፤ መንገዱ ራሱ ይነግረዋል።

ጋራዥ የምትሰጡ ከሆነ ልኬታችሁን በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። "ፊቱ ወርዷል" ከማለት "ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎ ግራው በዚህን ያህል ያንሳል፣ ይህን ያህል አንሱልኝ" ማለት ሌላ ነው። ሥራው ሲያልቅ እዚያው ሜትር አውጥታችሁ ለኩ። ቅር የሚለው ባለሙያ ካለ ቅር ይበለው።

ከማንኛቸውም ሥራ በኋላ ዊል አላይመንት አይቀርም። ቁመቱ ሲቀየር ጎማው የሚቆምበት አንግል ይቀየራል፤ የጎማዎቹ የፊት ጫፎችም ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ይዞራሉ። ሳይታዩ ከቀሩ አዲስ ጎማ በአንድ ጠርዙ ይበላል። መጀመሪያ ቁመት፣ ከዚያ አላይመንት። ቅደም ተከተሉን ያዛነፈ ሰው የአላይመንት ክፍያውን ይደግመዋል። ድፍን አክስል ባለው መኪና ላይ ደግሞ መሪው ከመሃል ሸሽቶ ታገኙታላችሁ፤ አክስሉን ከመሪው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ አንግሉ ስለተቀየረ ነው። ይስተካከላል።

የመጨረሻው መብራቱ ነው። ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት መኪናውን ከግድግዳ ፊት አቁሙና የመብራቱ የላይ ጠርዝ የሚያርፍበትን በጠመኔ አስምሩ። የቆመበትን ቦታም ምልክት አድርጉ። ከሥራው በኋላ እዚያው መልሳችሁ አቁሙ። ብርሃኑ ከመስመሩ በላይ ከሄደ ከመብራቱ ጀርባ ያለውን ማስተካከያ አዙራችሁ ወደ ጠመኔው መልሱት፤ ማታ ከመውጣታችሁ በፊት።